የትኛውን ፓሽን እንትከል? ከጅማ ጓሮ የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

የካቲት 12፣ 2015

በመንገድ በኩል ያለው አጥራችን ያረጀ ቆርቆሮ ነው። የጅማ ዝናብ አዝጎ ጨርሶታል። ዛሬ ለካሁት፤ 14 ሜትር ነው። እማዬ "አበባ ይልበስ" ትላለች። እኔ ለዓይን ብቻ ለሚሆን ነገር ጀሪካን መሸከም አልፈልግም፤ የሚበላ ይሁን ባይ ነኝ። ልጄ ማሙሽ የሚንጠላጠልበት ነገር ካለ ሁሉም እሺ ነው።

እኔንና እማዬን ያስታርቃል ብዬ ያሰብኩት ፓሽን ነው። አበባው ያምራል፣ ፍሬው ጁስ ይሆናል፣ ሐረጉ ቆርቆሮ ይሸፍናል። ቀላል መስሎኝ ነበር። ማታ ስልኬን ይዤ ስቀመጥ ግን ፓሽን አንድ ተክል ብቻ አለመሆኑ ገባኝ። ከ500 በላይ ዝርያ አለው። አብዛኛው የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጅ ነው። ቀይ የሚያብብ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ፓፓያ የሚያህል ፍሬ የሚሰቅል አለ። ሁሉም በፎቶ ያምራል። ፎቶው ግን ስለ ጅማ ምንም አያውቅም።

ደብተር ገዛሁ። የሚተከለውም የሚሞተውም እዚህ ይጻፋል።

የካቲት 20

የማጣራት ሳምንት ነበር።

መጀመሪያ የወደቀው ግዙፉ ነው። ግንዱ አራት ማዕዘን አለው፤ ፍሬው 20 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ግን ሙቀት የለመደ የቆላ ተክል ነው። እኛ ያለነው 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዘዋል። ጋምቤላ ብሆን ኖሮ እሞክረው ነበር።

ከሰሜን አሜሪካ የሚመጣውም ወደቀ። ቅጠሉን ለማረጋጊያ በሻይ መልክ የሚጠጡት እሱን ነው። በክረምታቸው ከላይ ደርቆ በጸደይ ከሥሩ ይነሣል። እኛ አገር ክረምት ማለት ጭቃ ነው፤ በረዶ ለለመደ ተክል ምን ልበለው።

ሦስተኛው ትንሽ አስጨነቀኝ። ፍሬው እንደ ሙዝ ረዘም ያለ፣ አበባው ሮዝ፣ አገሩ የአንዲስ ተራሮች። ደጋና ወይና ደጋ ይስማማዋል፤ ማለትም የጅማ አየር ሳይስማማው አይቀርም። እሱ ነው ችግሩ። ሃዋይና ኒውዚላንድ ውስጥ ከጓሮ አምልጦ ጫካ ገብቷል። ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ከላይ እንደ ብርድ ልብስ ይዘረጋል፣ ከሥሩ ያለውን ብርሃን ይነሣዋል። ዘሩን የሚያሰራጨው ፍሬውን የሚበላው ወፍና እንስሳ ነው። እኛ ደግሞ በለጠ ገራ ደን አጠገባችን ነው። ከዛፎቹ ሥር ራሱን ችሎ የሚበቅል ቡና ያለበት ጫካ ነው። ጣና ላይ እምቦጭ የሠራውን እያየን፣ ለአንድ ሮዝ አበባ ብዬ ሌላ ወራሪ አላስገባም። ዘሩን ከውጭ ላመጣልሽ ያለችኝ ጓደኛ ነበረች። አይ፣ ይቅርብኝ አልኳት። ለነገሩ ዘር ያለ ኳራንቲን ፈቃድ በሻንጣ ይዞ መግባትም አይፈቀድም።

የቀሩት ሦስት ናቸው። ወይን ጠጁ፣ ቢጫውና ሰማያዊው። ወይን ጠጅና ቢጫ የምላቸው በፍሬያቸው ልጣጭ ነው። ሁለቱም የአንድ ዝርያ ልጆች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን እንደ ወንድማማች ሁሉ ይለያያል። ወይን ጠጁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ፍሬው አነስ ይላል፣ ይጣፍጣል። ቢጫው የቆላ ነው፤ ፍሬው ተለቅ ይላል፣ ጁሱ ይበዛል፣ ይኮመጥጣል። ሥሩም ጠንካራ ነው። ኬንያ ውስጥ ወይን ጠጁን በቢጫው ሥር ላይ አዳቅለው የሚተክሉት ሥር አጠውላጊውን በሽታ ስለሚቋቋም ነው።

ሰማያዊውን የመረጠችው እማዬ ናት። ፎቶውን ሳሳያት ልቧ ሄደ። ፍሬው ብርቱካናማ ነው፤ ሲበስል ይበላል ይባላል፣ ግን ጣዕም የለውም። ከሥሩ እየበቀለም ያስቸግራል። ነግሬያታለሁ። "አንቺ ጁስሽን ጠጪ፣ እኔ አበባዬን ልይ" አለችኝ። ተስማማን፦ 5 ሜትር ለወይን ጠጁ፣ 5 ሜትር ለቢጫው፣ 4 ሜትር ለእማዬ።

መጋቢት 2

ወይን ጠጁን ከፍሬ ጀመርኩ። ሂርማታ ገበያ ዞሬ አጣሁ፤ በመጨረሻ አንድ ጁስ ቤት አምስት ፍሬ ሸጡልኝ። ቆዳቸው የተጨማደደውን መረጥኩ። ብዙ ሰው የተጨማደደ ፓሽን የተበላሸ ይመስለዋል፤ ጣፋጩ እሱ ነው።

ዘሩን ከነዝልግልጉ በብርጭቆ ሦስት ቀን አቆየሁት፤ ቦክቶ ሲላቀቅ አጠብኩት። ሳይደርቅ ዘራሁት። የፓሽን ዘር ትኩስ ሲሆን በሁለት ሦስት ሳምንት ይበቅላል፤ ከቆየ ግን ወራት ያስጠብቃል፣ ወይም ጭራሽ አይመጣም። 30 ዘር፣ 15 የችግኝ ፕላስቲክ። አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ።

መጋቢት 23

ዛሬ ሰባት ራስ ብቅ አለ። ማሙሽ ከትምህርት ቤት መልስ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ግንቦት 9

ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ የእማዬን ሰማያዊ ገዝቼ መጣሁ። አንድ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ያገኘሁት ልጅ "ሰማያዊው ይኸው ነው፣ እናቴ ትሙት" አለ። ችግኙ ገና ስንዝር ነበር፤ ቅጠሉ ሞላላ፣ ምንም አልተከፋፈለም። ትንሽ ጠርጥሬ ነበር። ግን የአውቶቡሱ ሰዓት እየደረሰ ነበርና ከፍዬ ወጣሁ። 350 ኪሎ ሜትር ጉልበቴ ላይ አቅፌው መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ቡና ነው?" አሉኝ። ከጅማ ወጥቶ ቡና ይዞ ወደ ጅማ የሚመለስ ሰው ጉድ ነው።

ግንቦት 21

ሐረጉን ቆርቆሮው ላይ ማስደገፍ አልፈለግኩም፤ በፀሐይ ቆርቆሮው ይግልና ለጋውን ያቃጥለዋል። ከቆርቆሮው 40 ሴንቲ ሜትር ገባ ብዬ ስድስት የባሕር ዛፍ ቋሚ አስተከልኩ። ከመሬት በላይ 2 ሜትር፣ ከመሬት በታች 60 ሴንቲ ሜትር። ለምስጡ ከታች በኩል የተቃጠለ ዘይት ተቀቡ። ከላይ ወፍራም ሽቦ፣ ከመካከል ደግሞ ሌላ ቀጠን ያለ።

ጎረቤታችን ሐጂ በአጥሩ ቀዳዳ አይተው "ምን ልትሰቅይበት ነው ልጄ? ሥጋ?" አሉኝ።

"ፓሽን ነው ሐጂ።"

"እሱን ትተሽ ቡና ብትተክዪ ምናለ" ብለው ሄዱ። የእሳቸው ግቢ ቡና፣ አቮካዶና ቀፎ ነው። ከዚያ ውጭ ያለ ተክል ሁሉ ለእሳቸው ቀልድ ነው።

ሰኔ 4

ተከላ። ጉድጓዱ 50 በ50። ከታች ኮምፖስትና የምድጃ አመድ፤ የእኛ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፣ አመዱ ትንሽ ያለዝበዋል። ከላይ የቡና ገለባ ጎዘጎዝኩ። ገለባ ጅማ ውስጥ ከቡና ማበጠሪያ እንደልብ ይገኛል፤ እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል። ትኩሱን ግን ግንዱ ላይ ማስጠጋት ጥሩ አይደለም፤ ሲብላላ ይሞቃል።

ቢጫውም መጣ። ወደ ጊቤ ወረድ ብሎ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ከጓሮው ሦስት ቁራጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ላከልኝ። "በዓመት ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ነው የማወርደው" ይላል። ሦስቱንም ተከልኳቸው። (ሦስቱም የተቆረጡት ከአንድ ሐረግ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እንዲሁ ለመረጃ ነበር። በኋላ ተመልሼ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት።)

ሐምሌ 23

ከወይን ጠጁ አንዱ ሞተ። ጠዋት ደህና ነበር፣ ከሰዓት ራሱን ደፋ፣ በሦስተኛው ቀን ደረቀ። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። የተከልኩት የጣሪያው ውኃ በሚወርድበት በኩል ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ፓሽን ውኃ ይጠጣል እንጂ ውኃ ውስጥ አይቆምም። የቀሩትን ዙሪያቸውን አፈር ከመርኩ፤ እንደ ትንሽ ጉብታ። የውኃውን ቦይም አዞርኩት። ክረምቱ ሳይገባ መደረግ የነበረበት ነው።

ጥቅምት 11፣ 2016

ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ጉንዳን ሐረጉን ወሮታል። መድኃኒት ልነፋ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳይ ጉንዳኖቹ ቅጠል አይበሉም። የተሰበሰቡት የቅጠሉ ዘንግ ላይ ነው፤ እዚያ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች አሉ፣ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣሉ። ተክሉ አበባ እንኳ ሳይኖረው ማር እየከፈለ ዘበኛ ይቀጥራል ማለት ነው። ጉንዳኑ በምትኩ እንቁላልና ትል ያባርራል። ተውኳቸው።

ሁለተኛ፣ የእማዬ "ሰማያዊ"። አድጎ ሽቦው ላይ ወጥቷል፤ አዲሶቹ ቅጠሎቹም ሦስት ሦስት ጣት አወጡ። የሰማያዊው ቅጠል አምስት ጣት ነው፣ አንዳንዴም ሰባት። ሦስት ጣት፣ ዳሩ እንደ መጋዝ፣ ይህ ወይን ጠጁ ወይም ቢጫው ነው። ጉልበቴ ላይ አቅፌ ያመጣሁት ግንቦት ውስጥ ጓሮዬ ሙሉ የነበረውን ነው። ስንዝር ችግኝ የሚገዛ ሰው ይህን ይወቅ፦ ሲወለዱ ቅጠላቸው ያልተከፈለ ነው፣ መለየት አይቻልም። እናቱን ሐረግ ካላሳዩ አለመግዛት ነው።

እማዬ ለሁለት ቀን አኮረፈች። እኔን ይሁን ችግኝ ሻጩን ልጅ አልገባኝም።

ታኅሣሥ 8

ብርቱካናማ ቢራቢሮ መጣች። ከዚያ እሾህ እሾህ ያላቸው ትሎች። የጉንዳኑ ጥበቃ መቶ በመቶ አይደለም። በእጅ ለቀምኩ፤ ማሙሽ በጣሳ ሰበሰበ። ሦስቱን በማሰሮ አስቀምጦ ቅጠል እየመገበ ነው፤ ቢራቢሮ እስኪሆኑ ይጠብቃል። ያሳድግ።

ሚያዝያ 24፣ 2016

ጸሎተ ሐሙስ። የአበባው ስም "ፓሽን" ስሜት ማለት አይደለም፤ ሕማማት ማለት ነው። ደቡብ አሜሪካ የደረሱ የካቶሊክ ሰባኪዎች አበባውን ሲያዩ የክርስቶስን ስቃይ አነበቡበት። ይህን ለእማዬ ነግሬያት ሳምንቱን ሙሉ አጥሩን ስትጠብቅ ከረመች። ለሰሙነ ሕማማት ቢፈነዳ ምን የመሰለ ወሬ ይሆን ነበር። አልፈነዳም። እምቡጥ አለ፣ ወይ ፍንክች።

ግንቦት 6

ጠዋት 1 ሰዓት። እማዬ "ነይ! ነይ!" እያለች ጠራችኝ። ወይን ጠጁ አብቧል።

ፎቶ አይገልጸውም። ከሥር ነጭ አሥር ቅጠል፤ ከላዩ ክር ክር የሆነ ዘውድ፣ ሥሩ ሐምራዊ፣ ጫፉ ነጭና የተኮማተረ። ከመሃል አንድ ምሰሶ ይነሣል። ምሰሶው ላይ አምስት የወንዴ ዱቄት ከረጢቶች፣ ከእነሱ በላይ ሦስት ባለ ራስ ዘንጎች።

ሰባኪዎቹ እንዲህ ነው ያነበቡት፤ ክሩ የእሾህ አክሊል፣ አሥሩ ቅጠል ሐዋርያት (ይሁዳና ጴጥሮስ ሲቀነሱ)፣ የሐረጉ ጠምላላ ክር ጅራፍ፣ አምስቱ ከረጢት አምስቱ ቁስል፣ ከላይ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ሦስቱ ችንካሮች። ለእማዬ ይህን እያሳየሁ ሳስረዳ እጄን ያዘችኝ።

"ሦስት? ችንካሩማ አምስት ነው።"

"እነሱ ሦስት ነው የሚሉት እማዬ።"

"ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ" ብላ በጣቷ ቆጠረችልኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ አበባውን አየች። አምስቱን ከረጢቶች አንድ በአንድ ነካች። "ይኸው፣ አምስት። እነሱ ያዩት የላዩን ነው።"

ምን ልመልስ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የአበባው ስም "ቅንዋት" ሆኗል። ሰማያዊ ባለመሆኑም ማኩረፉ ቀርቷል።

5 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሼ ሳየው መዘጋት ጀምሯል። የወይን ጠጁ አበባ ጎህ ሲቀድ ይከፈታል፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ይዘጋል። አንድ ጠዋት ብቻ።

ግንቦት 30

ወይን ጠጁ ላይ 19 ፍሬ ቆጠርኩ። ምንም አልረዳሁትም። ብዙውን ጊዜ በራሱ ዱቄት ይፀንሳል፤ ንቡ ቀሪውን ይጨርሳል።

ሰኔ 14

ቢጫውም አበበ፤ ያውም በመቶዎች። የአበባው ክር ከወይን ጠጁ ይረዝማል፣ ቀለሙም ይጠቁራል፣ ሽታው እስከ በረንዳ ይመጣል። ግን ጠዋት ብትመጣ ዝግ ነው። የሚከፈተው ከቀኑ 6 እስከ 7 ሰዓት ሲሆን ነው፤ ማታ 3 ወይም 4 ሰዓት ድረስ ይቆያል። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። እንደ ፈረቃ ሠራተኛ። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ እየኖሩ አይገናኙም።

ለእማዬ ይህ ትርፍ ነው። ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን ታያለች። የቡና ሰዓቷን ወደ 9 ሰዓት አዛወረች።

ሐምሌ 17

የቢጫው አበባ ሁሉ ረገፈ። ከመቶ በላይ አበባ፣ ዜሮ ፍሬ። በማግሥቱ ቢጫ ይሆንና ከነዘንጉ ይወድቃል። መሬቱ ምንጣፍ መሰለ።

መጀመሪያ ያመካኘሁት ዝናቡን ነው። ልክ ነበርኩ፣ በከፊል። የፓሽን ዱቄት ውኃ ሲነካው ይፈነዳል። ዱቄቱ ከላይ ያሉት ሦስት ጫፎች ላይ ካረፈ በኋላ አበባው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያህል ደረቅ መሆን አለበት። እኛ ጋ ደግሞ ክረምት ላይ ጠዋት ብርሃን ነው፣ ደመናው የሚሰበሰበው ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ 8 ወይም 9 ሰዓት። ደብተሬን ገልጬ የሐምሌን 16 ቀናት አየሁ፤ በ12ቱ ከሰዓት ዘንቧል። ቢጫው በሩን የሚከፍተው ልክ ዝናቡ ሲመጣ ነው። ወይን ጠጁ ያን ጊዜ ሥራውን ጨርሶ ዘግቷል።

ይህን ማንም አልነገረኝም። ከፍታ፣ ሙቀት፣ የአፈር ዓይነት፣ የአበባ ቀለም፣ ሁሉንም አንብቤያለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን የነበረበት ግን "አበባው በስንት ሰዓት ይከፈታል፣ የእኛ ሰፈር ዝናብስ በስንት ሰዓት ይመጣል?" የሚለው ነው። የአጎቴ ልጅ ያለበት ቦታ ዝናቡ ያነሰ ነው፤ ለዚህ ነው ከረጢት ሙሉ የሚያወርደው ብዬ ደመደምኩ።

ሐምሌ 25

የመጀመሪያው ወይን ጠጅ ፓሽን ወደቀ። ከተከፈተ በ79ኛው ቀን። ፓሽን ከሐረግ አይቀጠፍም፤ ሲበስል ራሱ ይወድቃል፣ ከመሬት ይለቀማል። ማሙሽ ይህን ሳያውቅ ባለፈው ሳምንት አረንጓዴውን ነክሶ ነበር። ምራቁን አስተፋሁት። ጥሬው ፍሬና ቅጠሉ ሳያናይድ የሚያወጣ ነገር አለበት፤ ልጅ ወይም በግ ባለበት ግቢ ልብ ማለት ነው።

አንዱን ፍሬ ለሦስት ተካፈልነው። ማንኪያ ማንኪያ ደረሰን። እማዬ "ለዚህ ነው አንድ ዓመት ተኩል?" አለች፤ ከዚያ ልጣጩን በማንኪያ ጠርጋ በላች።

ነሐሴ 20

በቀን ሦስት አራት እየወደቀ ነው። ስፕሪስ ላይ ከአቮካዶውና ከማንጎው መካከል አንድ ሽፋን ፓሽን ገባ። አቮካዶው ከሐጂ ነው። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ላክንላቸው። ብርጭቆው ባዶ ተመለሰ፤ አስተያየት ግን የለም።

መስከረም 19፣ 2017

ዝናቡ ቀለል ብሏል። ቢጫው እንደገና አበበ። አምስት ደረቅ ከሰዓቶች አለፉ። አሁንም ዜሮ።

ስለዚህ ዝናቡ ብቻ አይደለም። ወደ ሰኔ 4 ማስታወሻ ተመለስኩ፤ ቀዩ መስመር የተሰመረው ዛሬ ነው። ቢጫው ፓሽን የራሱን ዱቄት አይቀበልም። ከሌላ፣ በዘር ከተለየ ሐረግ መምጣት አለበት። የእኔ ሦስት ሐረጎች ከአንድ እናት የተቆረጡ ናቸው፤ ማለትም ሦስት ቦታ የተተከለ አንድ ሐረግ ነው። ሦስት መቶ ቁራጭ ብተክልም ለውጥ የለውም። ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ። "የእኔ አጥር ላይ ሁለት ነው፣ አንዱ ከዘር የበቀለ" አለኝ። ቀላል ነገር። ስልክ ለመደወል ዓመት ከሦስት ወር ፈጀብኝ።

መስከረም 26

የንብ ጉዳይም አለ። ቢጫውን በደንብ የምታዳርሰው ተራዋ የማር ንብ አይደለችም። ትንሽ ናት፤ ከታች ገብታ ዱቄቱን ሰብስባ ትሄዳለች፣ ጀርባዋ ላይኛው ጫፍ ላይ አይደርስም። የሐጂ ንቦች 7 ሰዓት ላይ መጥተው በግማሽ ሰዓት ከረጢቱን ባዶ ያደርጉታል። ሥራውን የምትሠራው ትልቋ ጥቁር ንብ ናት፣ እንጨት በስታ የምትኖረው። ስትገባ ጀርባዋ ከላይ ያለውን ሁሉ ይጠርጋል።

እሷን የት አገኛለሁ ብዬ ሳስብ ሐጂን በረንዳቸው ላይ አየኋቸው። መሰላል ላይ ቆመው የጣሪያቸውን ወራጅ ቀዳዳ በጭቃ እየደፈኑ ነው።

"ምን ሆነው ነው ሐጂ?"

"ይቺ ጥቁር ዝንብ ቤቴን ልታፈርስብኝ ነው።"

እንዳይደፍኗት ለመንኳቸው። የእሳቸው ንብ ዱቄቴን እየሰረቀ የእኔን ሠራተኛ በጭቃ ሊቀብሩ መሆኑን ስነግራቸው መሰላሉ ላይ ሆነው ሳቁ። በመጨረሻ ተስማማን። ያልተቀባ ደረቅ የባሕር ዛፍ ግንድ አጥሩ ሥር አጋደምኩ፤ ትምጣ። እሳቸውም የቀሩትን ሁለት ቀዳዳዎች ተዉልኝ።

ጥቅምት 14

ፈረንጅ አራዳ ሰፈር አንድ የድሮ ቤት አጥር ላይ ቢጫ ፓሽን አለ። ሳልፍ ፍሬው ከውጭ ይታያል። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ ዘበኛውን አበባ ለመንኩ። "ለሠርግ ነው?" አለኝ። "ለተክል ነው" ስለው ይበልጥ ግራ ገባው። ቢሆንም ስምንት አበባ ቆረጠልኝ። በስኒ አድርጌ፣ በናፕኪን ሸፍኜ፣ በባጃጅ ወደ ሰፈራችን ቆጪ።

7 ሰዓት ተኩል ጀመርኩ። የመጣውን አበባ ገልብጬ ከረጢቶቹን በእኔ አበባ ሦስት ጫፎች ላይ ማሸት ነው፤ ዱቄቱ ቢጫ ሆኖ ይታያል። አንድ ነገር ግን መጠበቅ አለበት። አበባው እንደተከፈተ ሦስቱ ዘንጎች ወደ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ቀስ እያሉ ወደ ታች ይታጠፋሉ። ያልታጠፈ አበባ ላይ ብዙም ፍሬ አይዝም። 22 የታጠፈ አበባ አዳረስኩ። እያንዳንዱ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ሰማዩ እስከ ማታ ንጹሕ ነበር። እማዬ ከበረንዳ ሆና ስታየኝ "ክር እያሰርሽ ምን እየጠነቆልሽ ነው?" አለች።

ጥቅምት 18

ከ22ቱ 13 ይዟል። የለውዝ ፍሬ ያህላል፣ አረንጓዴ። ክር ያልታሰረባቸው ሁሉ ረግፈዋል።

ታኅሣሥ 27

የመጀመሪያው ቢጫ ወደቀ። ከወይን ጠጁ በግማሽ ይበልጣል። ይኮመጥጣል፤ ግን ስኳርና ውኃ ከተጨመረበት አንዱ ፍሬ አንድ ብርጭቆ ጁስ ያወጣል። ወይን ጠጁን በማንኪያ፣ ይህን በጁስ።

ጥር 16

የአጥሩ አሰላለፍ ተቀየረ። "ሰማያዊው" ያለበት 4 ሜትር እንዳለ ይቆያል፤ ወይን ጠጅ ፍሬ ስለሰጠ ማንነቱም ተረጋግጧል። ከሦስቱ ቢጫ ሁለቱን ነቀልኩ፤ አንዱ ይበቃል። በእነሱ ቦታ ከዘር የበቀለ ይገባል። ከ13ቱ ፍሬዎች ዘር አጥቤ ስድስት ፕላስቲክ ላይ ዘራሁ፤ አባታቸው ፈረንጅ አራዳ፣ እናታቸው ጊቤ ነው። ሰኔ ሲገባ ሦስቱን እተክላለሁ። ከክረምቱ አበባ ምንም አልጠብቅም፤ የቢጫው ወቅት ጅማ ላይ ከጥቅምት በኋላ ነው።

ጉድጓዱን እየቆፈርኩ ሳለ ሐጂ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ። በእጃቸው አንድ ባዶ ብርጭቆ ይዘዋል፤ ነሐሴ ላይ የላክነውን ዓይነት።

"ያ ጥቁሩ ፍሬ፣ ችግኝ ይኖርሻል?"

"ስንት ላምጣልዎ?"

"ሁለት። ከቡናው ራቅ አድርጌ ነው የምተክለው" አሉኝ።

ሦስት ሰጠኋቸው፤ ከዘር የበቀሉ።